«ቢተር ኤንድ» ከየት መጣ? የመልህቅ ሰንሰለት ጫፍና የአንድ መርከበኛ አነጋገር ታሪክ

ጥያቄ፦ «የማሪታይም ተማሪ ነኝ። ለልምምድ በተሳፈርኩበት የጭነት መርከብ ቦሰኑ (የመርከበኞቹ አለቃ) ‘ሂድና ቢተር ኤንዱን አይተህ ና’ አለኝ። ቢተር መራራ እንደሆነ እንጂ ሌላ ትርጉም እንዳለው አላውቅም ነበር። ዜናና ልብ ወለድ ላይ ደግሞ ‘ቱ ዘ ቢተር ኤንድ ተዋጉ’ የሚል አነባለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው? መነሻውስ ምንድን ነው? በአማርኛ እንዴት ልበለው? ቦሰኑስ ምን እንዳይ ነው የላከኝ?»

ምላሽ፦

ቦሰኑ ቢተር ኤንድ ያለው የመልህቁን ሰንሰለት የውስጥ ጫፍ ነው። የሰንሰለቱ አንደኛው ጫፍ ከመልህቁ ጋር ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ሌላኛው ግን መርከቡ ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ቼይን ሎከር በሚባለው የሰንሰለት ጓዳ ከመርከቡ አካል ጋር በፒን ታስሮ። ስሙ ከምሬት ጋር የተገናኘው ኋላ ነው። ዜናው ላይ ያነበቡት «ቱ ዘ ቢተር ኤንድ» ደግሞ ከዚሁ ጫፍ ጋር መዛመዱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዝምድናው ብዙ የመርከብ መጻሕፍት እንደሚሉት ቀጥተኛ አይመስለኝም። ወደዚያ እመለሳለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው እንጀምር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ መልህቅ የሚታሰረው በሰንሰለት ሳይሆን ሄምፕ ከተባለው ተክል ቃጫ በተገመደ ገመድ ነበር። ዛሬ ፖርትስማውዝ ላይ ለጎብኚዎች ክፍት የሆነችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ቪክቶሪ» የምትጠቀምበት ትልቁ የመልህቅ ገመድ ዙሪያው 24 ኢንች፣ 61 ሴንቲሜትር ያህል ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 19 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህን ያህል የወፈረ ገመድ ሺህ ቶን በላይ የሚመዝን መርከብ እየጎተተው በእጅ አይያዝም። ስለዚህ ከመርከቡ ፊት በኩል ከኦክ እንጨት የተጠረቡ ሁለት ወፋፍራም ቋሚዎች ይተከሉ ነበር። ታችኛው ወለል ድረስ ዘልቀው ከመርከቡ አጥንት ጋር ይያያዛሉ፤ መሐላቸውን ጠንካራ አግዳሚ ያገናኘዋል። እነዚህ ቋሚዎች «ቢትስ» ይባላሉ። ገመዱ በመርከቡ አፍንጫ ቀዳዳ ገብቶ ቢትሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ጭነቱን የሚሸከመው በእንጨቱና በገመዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። መርከበኞቹ ጥምጥሙን በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ ገመድ ይለቃሉ፣ ሲያጠብቁት ደግሞ ይቆማል።

ቃሉ ዛሬም አልጠፋም። እርስዎ በየወደቡ የማሰሪያ ገመድ የሚጠመጥሙባቸው መንታ የብረት ቋሚዎች እነዚያው ቢትስ ናቸው፤ እንጨቱ ወደ ብረት ተለወጠ እንጂ ስሙና ሥራው እንዳለ ነው።

እንግዲህ በቢትሱ ላይ የዞረው የገመድ ጥምጥም «ቢተር» ተባለ። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ በ1627 የታተመው የካፒቴን ጆን ስሚዝ የመርከበኞች መማሪያ ነው፤ በቨርጂኒያ ሰፈራ ታሪክ ስሙ የሚነሣው ያው ጆን ስሚዝ። እሱ ሲተረጉመው ቢተር ማለት ገመዱ በቢትስ ላይ የሚዞረው ዙር ሲሆን፣ «ቢተርስ ኤንድ» ደግሞ ከገመዱ መርከቡ ውስጥ የሚቀረው ክፍል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስሚዝ ዘመን ቢተር ኤንድ አንዲት የጫፍ ነጥብ አልነበረም፤ ከቢትሱ ወደ ኋላ ያለው ገመድ በሙሉ፣ አሥር ሜትርም ይሁን መቶ ሜትር፣ ቢተር ኤንድ ነው። ትርጉሙ ጠቦ የመጨረሻዋን ጫፍ ብቻ ወደ ማመልከት የመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። በ1867 የታተመው የአድሚራል ዊልያም ስሚዝ የመርከበኞች መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይዟል፦ በአንድ በኩል ከቢትሱ በስተኋላ ያለው ገመድ ይለዋል፤ በሌላ በኩል ገመድ ወይም ሰንሰለት እስከ ቢተር ኤንድ ተለቀቀ ማለት ከዚያ ወዲያ የሚለቀቅ የለም ማለት ነው ይላል።

ያው መዝገበ ቃላት ዛሬ የተረሳ አንድ ትእዛዝም ያነሣል፦ «ወደ ቢተር ኤንድ እሰር»። ትርጉሙ መልህቁን በተለመደው ጫፍ ማሰር ትተህ በውስጠኛው ጫፍ እሰር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የውጪው ጫፍ ዓመቱን ሙሉ በጨው ውኃ ሲነከር፣ በባሕር ወለል ድንጋይ ሲፋቅ፣ በአፍንጫው ቀዳዳ ሲታሽ ይከርማል። የውስጠኛው ጫፍ ግን ደርቆና ተጠብቆ ስለሚኖር ጥንካሬው አልተነካም። ማዕበል ሲያስፈራ ደህናውን ጫፍ ወደ መልህቁ ማዞር ብልህነት ነበር። አንዳንዶች «ቢተር» የሚለው «ቤተር» (የተሻለ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ተምታቶ ነው የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። በ1719 በወጣው የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ መጀመሪያ ላይ፣ ያርማውዝ አጠገብ ማዕበል ሲነሣ፣ መርከቧ በሁለት መልህቅ ቆማ ገመዶቹ እስከዚያው ጫፍ ድረስ ተለቀቁ ይላል። አንዱ እትም «ቢተር»፣ ሌላው «ቤተር» ብሎ ያትመዋል፤ አታሚዎቹም ተደናግረዋል። እኔ «ቤተር» የሚለው የጆሮ ስሕተት ነው ባይ ነኝ፤ ጆን ስሚዝ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ቃሉን ከቢትስ ጋር አያይዞ ስለጻፈው።

አሁን ወደ ዘይቤው። «ቱ ዘ ቢተር ኤንድ» ማለትም «ምንም ይምጣ ምን እስከ መጨረሻው» በሚለው ትርጉም በስፋት የምናገኘው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የመርከብ ሰዎች «ከእኛ ተወሰደ» ይላሉ፦ ገመዱ እስከ ጫፉ ተለቅቆ ካለቀ ማዕበሉን ከመጋፈጥ በቀር ምርጫ የለም፤ ስለዚህ እስከ ቢተር ኤንድ መድረስ ያለህን ሁሉ አሟጦ መጣል ነው። ያምራል። ሌላኛው ወገን ግን መጽሐፍ ቅዱስን ይጠቅሳል። ምሳሌ ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ስለ ጋለሞታይቱ ሴት ሲናገር ፍጻሜዋ የመረረ እንደሆነ ይላል፤ በ1611 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም «ቢተር» እና «ኤንድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በዚያች ሐረግ አቀራርቦ አስቀምጧቸዋል። የእኛ አንባቢ እሬቱን ያስታውሰዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕዝብ ያን መጽሐፍ በየሳምንቱ ይሰማ ነበር፤ የመልህቅ ገመድ ግን ያየው ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ ጀርመንኛውም ሆነ ሆላንድኛው «እስከ መራራው ፍጻሜ» የሚል አቻ አላቸው፤ እዚያም «መራራ» የሚለው ቃል የጣዕሙ መራራ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የመርከቡ ቃል ከቢትስ መወለዱ አያጠራጥርም፤ ሰነድ አለው። የሰፊው ሕዝብ አነጋገር ግን ጉልበቱን ያገኘው ከምሬቱ ነው። ሁለቱ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ተጋግዘዋል። አንድ ጸሐፊ ከሁለት አንዱን ብቻ «እውነተኛው መነሻ» ብሎ ቢነግርዎ ማስረጃውን ይጠይቁት።

አነጋገሩ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ሰው መጥሪያም ሆኗል። በደቡብ አፍሪካ የቦር ጦርነት ማብቂያ፣ በ1901 እና 1902፣ ለእንግሊዝ እጅ አንሰጥም ብለው በሽምቅ ውጊያ የቀጠሉት ቦሮች (በአብዛኛው የሆላንድ ሰፋሪዎች ዘሮች) በራሳቸው ቋንቋ «ቢተርአይንደርስ» ይባሉ ነበር፤ ጄኔራል ክርስቲያን ደ ዌት ከእነሱ አንዱ ነው። እጃቸውን የሰጡትን ደግሞ «እጅ ወደ ላይ» ከሚለው በወጣ የንቀት ስም «ሄንድስኦፐርስ» ይሏቸዋል። የሰላም ውሉ ሜይ 31 ቀን 1902 ተፈርሞ ሁለቱም ወገን ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ስድቡ ግን በየቤተሰቡ ብዙ ዘመን ቆየ። በአሜሪካም በ1919 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተፈረመውን የቬርሳይን ውል በምንም መልኩ አናጸድቅም ያሉት እንደ ዊልያም ቦራ ያሉ ሴናተሮች «ቢተር ኤንደርስ» ተብለዋል። ዛሬ አነጋገሩ ቀልሎ አሰልቺ ስብሰባን ሳይወጡ ለጨረሰ ሰው ሁሉ ይነገራል። በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ከ1961 ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ቤት አለ፤ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶችም ጀልባ የሚያርፍበት አንድ መዝናኛ ይህንኑ ስም ይዟል። ሁለተኛው በቃሉ በደንብ ተጫውቷል፤ ቦታው የደሴቱ ዳርቻ ነው፣ እንግዶቹም ጀልባ አሳሪዎች ናቸው።

ከመርከብ ሳንወጣም ቃሉ ብዙ ትርጉም አለው፤ አዲስ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በአሁኑ የመርከበኞች አነጋገር የማንኛውም ገመድ የውስጥ ጫፍ፣ ማለትም ሥራ የማይሠራው ጫፍ፣ ቢተር ኤንድ ነው፦ የሸራ ማውጫው ገመድ እጅ በኩል ያለው ጫፍ፣ የጎታች ጀልባ ሽቦ ከበሮው ላይ የታሰረበት ጫፍ። ቋጠሮ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ግን አንዳንዶቹ ሊቋጠር የተያዘውን ጫፍ፣ ማለትም ተቃራኒውን፣ ቢተር ኤንድ ይሉታል። ተራራ ወጪዎችና የነፍስ አድን ሠራተኞች ደግሞ በቀላሉ «የገመዱ ማለቂያ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው «ቢተር ኤንዱን ስጠኝ» ሲባባሉ ሁለት የተለያየ ጫፍ እያሰቡ ሊሆን ይችላል። ጭነት ላይ ባለ ገመድ ትእዛዝ ሲሰጡ «መልህቁ ያለበት ጫፍ»፣ «ከበሮው ላይ ያለው ጫፍ» ብለው ቢናገሩ ማንም አያምርብህም አይልዎትም።

ትንሽ ጀልባ ላይ ነገሩ ቀላል ቢሆንም መልህቅ በብዛት የሚጠፋው እዚያ ነው። ጫፉ ምንም ላይ ሳይታሰር ሰንሰለቱ ይለቀቃል፣ ያልቃል፣ ተንሸራቶ ባሕር ይገባል። ልኩን አስቀድሞ ማስላት ይረዳል፦ ጥልቀቱ 6 ሜትር፣ የሚጠበቀው የውኃ መሙላት 1 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃ በላይ 1 ሜትር ከሆነ ድምሩ 8 ነው። ሙሉ ሰንሰለት ከሆነ ቢያንስ 5 እጥፍ፣ 40 ሜትር፤ አብዛኛው ገመድ ከሆነ 7 እጥፍ፣ 56 ሜትር ይለቀቃል። ጫፉ ደግሞ በሻክል (በብረት ማያያዣ) ሳይሆን ቢላ በሚቆርጠው ጠንካራ የናይለን ሲባጎ ይታሰር። ሲባጎው የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት እስከ ላይኛው ወለል እንዲወጣ የሚያስችል ርዝመት ይኑረው። በሌሊት ነፋስ ተነሥቶ ቶሎ መሸሽ ካስፈለገ ወደ ጓዳ ሳይወርዱ ከላይ ይቆርጡታል። በብረት ሻክል የታሰረ ጫፍ በዚያች ሰዓት ዝጎ አይፈታም። የሸራ ገመድ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ፦ ጫፉ ከመዘውሩ እንዳያመልጥ ስምንት ቁጥር የሚመስል ቋጠሮ ይታሰርበታል፤ ስፒናከር ከተባለው ትልቅ የፊት ሸራ ገመዶች በቀር፤ እነዚያ በጭንቅ ሰዓት ተለቅቀው እንዲሄዱ ያለ ቋጠሮ ይተዋሉ።

የእርስዎ መርከብ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በ1810ዎቹ ሳሙኤል ብራውን የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ያስፋፋው የብረት ሰንሰለት የቃጫውን ገመድ ሲተካ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ቃጫ በመጥረቢያ ይቆረጥ ነበር፤ ጠላት ወይም ማዕበል ሲመጣ መልህቁን ጥሎ መሄድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ቆርጦ መሮጥ» የሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር ከዚያ ይመጣል። ሰንሰለት ግን በመጥረቢያ አይቆረጥም። መልህቅ ለመጣል ወይ መገጣጠሚያ ላይ መፍታት፣ ወይ የውስጡን ጫፍ መልቀቅ ያስፈልጋል። ሰንሰለት ጥሎ መሄድ ራሱ ዘይቤ ሆኗል፤ የድሮ እንግሊዛውያን መርከበኞች ባልደረባቸው ሲሞት «ገመዱን ለቀቀ» ይሉ ነበር።

ዛሬ የመርከቦችን ጥንካሬ የሚመረምሩት የክላስ ማኅበራት የጋራ ደንብ ስለዚህ ጫፍ ሁለት ነገር ያዝዛል። አንደኛ፣ ማሰሪያው ከሰንሰለቱ የመበጠስ ኃይል ከ15 በመቶ ያላነሰ፣ ከ30 በመቶም ያልበለጠ ይሸከም። ሁለተኛ፣ ከጓዳው ውጪ፣ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ሆኖ ሰንሰለቱን ወደ ባሕር የሚለቅቅ መሣሪያ ይኑረው። ብዙ ካዴት (የመርከብ ተለማማጅ) የመጀመሪያውን ሲሰማ ይገረማል። በቁጥር እንየው፦ የቀለበቱ ብረት ውፍረት 76 ሚሊሜትር የሆነ ሦስተኛ ደረጃ ብረት ሰንሰለት የሚበጠሰው በ4,300 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። ማሰሪያው እንግዲህ ከ645 እስከ 1,290 ኪሎኒውተን ባለው መካከል ይበጠሳል። ሆን ተብሎ ደካማ እንዲሆን የተሠራበት ምክንያት አለው። የመልህቅ ማንሻ ማሽኑ ፍሬን ከድቶ ሰንሰለቱ በሙሉ ፍጥነት ወጥቶ ሲያልቅ ጉልበቱን አንድ ነገር መቀበል አለበት። ማሰሪያው ጠንካራ ቢሆን የጓዳውን ግድግዳ ቀድዶ፣ መርከቡን ከፊት በኩል ከፍቶ ይሄዳል። ደካማ ከሆነ መልህቁና ሰንሰለቱ ይጠፋሉ፣ መርከቡ ይተርፋል። የታችኛው ወሰንም ምክንያት አለው፤ የራሱን የሰንሰለት ክብደት እንኳ መሸከም የማይችል ማሰሪያ ቢደረግ ፋይዳ የለውም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቢተር ኤንድ መርከብ ማቆሚያ አይደለም። መርከቡን የሚይዘው መጀመሪያ ባሕር ወለል ላይ የተኛው ሰንሰለት ክብደትና መልህቁ፣ ቀጥሎ ፎክስል በሚባለው የመርከቡ የፊት ወለል ላይ ያለው የሰንሰለት ማቆሚያ፣ ከዚያ የዊንድላሱ (የመልህቅ ማንሻ ማሽኑ) ፍሬን ነው። በደንቡ ማቆሚያው የሰንሰለቱን የመበጠስ ኃይል 80 በመቶ ይሸከማል፤ ማቆሚያ ያለው መርከብ ፍሬኑ 45 በመቶ፣ ከሌለው ግን ፍሬኑ ራሱ 80 በመቶ መያዝ አለበት። ጫፉ ከ15 እስከ 30 መሆኑን ከእነዚህ ጋር ሲያስተያዩት ማን ምን እንዲሸከም እንደታሰበ ይታያል።

ሰንሰለት እስከ ቢተር ኤንድ የሚሸሸው እንዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት፦ ጥልቀቱ ሳይታሰብ መልህቁ በነፃ ሲለቀቅ፣ መርከቡ ፍጥነቱ ሳይበርድ ሲለቀቅ፣ ወይም የፍሬኑ ሽፋን ተበልቶ ሳይስተካከል ሲቀር። የ76 ሚሊሜትሩ ሰንሰለት አንድ ሜትሩ 126 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሻክል የሰንሰለት ርዝመት መለኪያም ነው፤ 27.5 ሜትር የሆነው አንድ ሻክል 3.5 ቶን ገደማ፣ 11 ሻክል ወይም 302.5 ሜትር 38 ቶን ይሆናል። በወጣ ቁጥር የተንጠለጠለው ክብደት ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። አንዴ ከእጅ ካመለጠ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ጢስና ብልጭታ ብቻ ያተርፋል። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ከሰንሰለቱ መስመር ወደ ጎን ወጥቶ ወደ ኋላ መሸሽ። የመጨረሻው ቀለበት ከጓዳው ሲወጣ እንደ ጅራፍ ጫፍ ይማታል፤ ማቆሚያውን ልጣልበት ብሎ የሚጠጋ ሰው ሕይወቱን ይሰጣል።

መከላከሉ ግን ከባድ አይደለም። ጥልቀቱ እስከ 20 ሜትር ገደማ ሲሆን በፍሬን መልቀቅ የተለመደ ነው። ከዚያ ሲበልጥ መጀመሪያ በማሽኑ ወደ ወለሉ ካስጠጉ በኋላ ይለቀቃል፤ በጣም ሲጠልቅ ደግሞ እስከ መጨረሻው በማሽን ይወርዳል። የመርከቡ ፍጥነት በመሬት ላይ ሲለካ ከግማሽ ኖት (በሰዓት አንድ ኪሎሜትር ገደማ) ባይበልጥ ይመረጣል። ዊንድላሱ ራሱ የሚነደፈው መልህቁንና ሦስት ሻክል፣ 82.5 ሜትር፣ በደቂቃ 9 ሜትር እንዲያነሣ ነው። 6 ቶን መልህቅ ይዞ ውኃ ውስጥ ይህ 14 ቶን ገደማ ይሆናል። ሰንሰለቱ በሙሉ ወጥቶ በጥልቅ ውኃ ቢንጠለጠል ከ38 ቶን በላይ ነው፤ ሞተሩ አያነሣውም። ማለትም ማሰሪያው ሳይበጠስ እንኳ መልህቁ ላይመለስ ይችላል።

የቀረውን ሰንሰለት ለማወቅ ምልክቱን ማንበብ ነው። በብዙ የንግድ መርከቦች የመጀመሪያው ሻክል መጋጠሚያ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀለበት ነጭ ይቀባል፣ ሁለተኛው ሁለት ሁለት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የማይረሳ ዘዴ አለው፦ ከመጨረሻው በፊት ያለው ርዝመት ሙሉ በሙሉ ቢጫ፣ የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ ቀይ ይቀባል። ቢጫው ሲታይ ጩኸት ይጀመራል። የእርስዎ መርከብ ይህ ከሌለው መቁጠርና ለድልድዩ (ለመርከቡ ማዘዣ ክፍል) በየሻክሉ መናገር ነው፤ ቢያንስ አንድ ሻክል ጓዳ ውስጥ ማስቀረትም የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ሆን ብሎ መልቀቅ ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ መልህቁ ተነክሶ አልነሣ ሲልና ማዕበል ሲመጣ፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ጊዜ ካለ ከጥልቀቱ የሚረዝም ገመድ ያለው ተንሳፋፊ ምልክት በሰንሰለቱ ላይ ይታሰራል፤ በኋላ የሚፈለገው በእሱ ነው። ሞተሩ ዝግጁ ይሁን። ከዚያ ጓዳው ውስጥ የቀረው ሰንሰለት ላልቶ ተኝቶ ሳለ ፒኑ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል። ፎክስል ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከመስመሩ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ማቆሚያውና ፍሬኑ ይከፈታሉ። ፒኑን የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፦ ሰንሰለቱን መጀመሪያ ለቅቆ፣ አልቆ ሲወጠር ፒኑን መምታት። የተወጠረ ፒን ስለሚቆለፍ አይወጣም፤ ከወጣም አጠገቡ ያለውን ሰው ይጎዳል። ሌላው መንገድ ወለሉ ላይ ያለውን የኬንተር መጋጠሚያ መፍታት ነው፤ የእርሳሱን መድፈኛ አውጥቶ፣ ሾጣጣውን ፒን በመምቻ ነድሎ፣ መሐል ያለውን ብረት አንሸራትቶ ሁለቱን ግማሾች መለየት። ይህ ብዙ ሰንሰለት ያተርፋል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሰላማዊ ባሕርም ይፈልጋል። በሁለቱም ቦታውን በጂፒኤስ መመዝገብና ለወደቡ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ስለ ትርጉም። ለመሣሪያው «የሰንሰለቱ የውስጥ ጫፍ» በቂ ነው፤ በሥራ ላይ ግን የኢትዮጵያ መርከብም ብትሆን የሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ስለሆነ «ቢተር ኤንድ» እንዳለ ይነገራል፣ መዝገብ ላይም እንዲሁ ይጻፋል። «መራራ ጫፍ» ብሎ መተርጎም ትርጉም የለሽ ነው። ለዘይቤው እንደ ሁኔታው ይለያያል። የጦርነት ወሬ ከሆነ «እስከ ደም ጠብታ» ወይም «እስከ መጨረሻው ሰው» ይመጥነዋል። ስለ ግብዣ ወይም ስብሰባ ከሆነ «እስኪበተን ድረስ ተቀመጠ» ነው፤ እዚህ ላይ «መራራ ፍጻሜ» ብሎ ማስገባት ያልነበረ ሐዘን ይፈጥራል። ጋዜጦቻችን የሚወዱት «እስከ መራራው ፍጻሜ» የሚሠራው ፍጻሜው በእርግጥ የመረረ ሲሆን ብቻ ነው።

ቦሰኑ ምን እንዲያዩ እንደላከዎት ባልነገርዎ እንኳ የሚታየው ይታወቃል። ወደ ቼይን ሎከሩ ውስጥ እንዳይገቡ፤ ዝገት የአየሩን ኦክስጅን ይበላል፣ ሰንሰለት ጓዳ የገቡ ሰዎች ራሳቸውን ስተው የቀሩባቸው አደጋዎች ጥቂት አይደሉም። መግባት የግድ ከሆነ የፈቃድ ወረቀት፣ በመለኪያ 20.9 በመቶ ኦክስጅን ማረጋገጥና ደጅ ላይ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ለእርስዎ ሥራ ግን ከውጪ ያለው የመልቀቂያ መሣሪያ ይበቃል። ክዳኑ ውኃ አያስገባም? ብሎኖቹ በእጅ ቁልፍ ይፈታሉ ወይስ ቀለም ተደራርቦባቸው ተጣብቀዋል? ፒኑ ላይ ትኩስ ግራሶ አለ? ቢነካኩት ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝጎ ከቤቱ ጋር ተዋህዷል? መያዣው ቁልፍ በቦታው አለ? በማን እጅ እንደተበየደ የማይታወቅ ተጨማሪ ብረት፣ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ፒኑን ያሰረ ሽቦ ካለ ለቺፍ ኦፊሰሩ (ለካፒቴኑ ምክትል) ይነገር፤ ደንቡ የፈለገውን ድክመት ያጠፋዋል። መዶሻው መሣሪያው አጠገብ መሰቀሉንም ይዩ፤ ካልተሰቀለ ከመጋዘን አስመጥተው ይስቀሉት።